ዕቃው ከለቅሶ ሲመለስ

ጠዋት ሥራ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ጫማዬን ማውለቅ ነው። ሁላችንም እንዲሁ ነን። በድርጅታችን ከታችኛው ፎቅ እስከ ላይኛው ያለ ሰው በካልሲ ወይም በነጠላ ጫማ ነው የሚዞረው፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ሳይቀሩ ተረከዙ የተበላ ሰማያዊ ሲሊፐር ያደርጋሉ። የየክፍሉ በር ላይ የሰው ስም የለም፤ ያለው የሰፈር ስም ነው። ጉለሌ፣ ሸዋ ሮቢት፣ መተሐራ፣ እያንዳንዱ ሰው ያደገበት። የእኔ በር ላይ «ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ» ይላል።

ፊት ለፊቴ ያለው ፍስሐ ነው። አያቱ ዘንድ ስላደገ የሚሠራው ጭቃ መደብ ላይ ተቀምጦ ነው። እውነተኛ ጭቃ፣ ከነጭዱ። ስብሰባ ሲገባ ሱሪው ከኋላ አፈር ይዞ ይገባል፤ «ኧረ አራግፈው» ስንለው «ተዉት፣ ለምዶታል» ይለናል። ጥግ ላይ ያለችው የሒሳብ ክፍሏ ልጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ስላደገች ተደራራቢ አልጋ ገጠሙላት፤ ላይኛው አልጋ ላይ ሆና ነው ደንበኛ የምታነጋግረው። መጀመሪያ ሰሞን እንስቅ ነበር። አሁን የሚስቅ የለም። ሁሉም ክፍሉን ይወደዋል፣ ማታ መውጣት ይከብደዋል፣ ቅዳሜም «እስቲ ብቅ ልበል» ብሎ ይመጣል። ከተማ ውስጥ የምንከራያት መኝታ እንደሆነች ክንድ ሲዘረጉባት ግድግዳ የምትነካ ናት። እዚያ ማን ይቸኩላል?

ይሄን ሁሉ የሚሠራው የምቾት ክፍል ነው። ኃላፊዋ ኬብሮን ትባላለች። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፣ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ ስታወራ የሰው እጅ ትይዛለች። እኔ እጄን የሚይዝ ሰው አልወድም።

ስሜ ስንዱ ነው። የኢንሹራንስ ካሳ ጥያቄ መርማሪ ነኝ። ቤቴ ተቃጠለ፣ መኪናዬ ተገለበጠ፣ ላሜን ጅብ በላት የሚል ሰው ሲያመለክት እውነቱን ነው ወይስ ሊበላን ነው ብዬ የምፈርደው እኔ ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ እንጀራዬም እሱ ነው። ክፍሉ የተሰጠኝ ግን አባቴ በሞተ ሰሞን ነበር፤ በዚያ ሰሞን የሚጠረጥር ጭንቅላት ከየት ይመጣል! ከሐዘን ስመለስ ኬብሮን እጄን ይዛ በሩን ከፈተችልኝ። የእናቴ ሳሎን። ቡናማው ሶፋ ከነዳንቴሉ፣ ቡፌው፣ እግሩ አጭር የሆነው ጠረጴዛ፣ አባቴ ራዲዮ የሚሰማበት ወንበር።

«ለሐዘንሽ ነው» አለችኝ። «የእጅ ባለሙያዎቻችን የቻሉትን ያህል አስመስለውታል።»

ሶፋው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አልቅሼ ሲበቃኝ ቀና ብዬ ሥራ ጀመርኩ። በዚያ ወር የመረመርኩትን ያህል በሕይወቴ መርምሬ አላውቅም።

ደምሰው የደወለልኝ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ደምሰው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አዳማ ነው የሚኖረው፤ እኛ ቤት ጭንቅ ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚወድቀው።

«ስንዱዬ፣ እማዬ ሶፋውን በቢላ ቀደደችው።»

«ምን?»

«ሆዱን ዘረገፈችው ነው የምልሽ! ጎረቤት ነው የደወለልኝ። ሐኪም ይዤላት ሄድኩ። ‹ይሄ ቤት የማን ነው?› ሲላት ምን ብትለው ጥሩ ነው? ‹ቤቱ የእኔ ነው፤ ዕቃው ግን የእኔ አይደለም። ለውጠውብኛል›።»

ይሄን ነገር ከአባዬ ለቅሶ ጀምሮ ስትለው ነበር። መጀመሪያ ሐዘን ነው አልን። ከዚያ እርጅና ነው አልን። ግን በእኛ ዘመን ሕጉ ቀልድ አያውቅም፤ ቤቱን የማያውቅ ሽማግሌ ብቻውን አይኖርም። ወደ አረጋውያን መንደር ይወሰዳል። መንደሩን አይቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነው፣ ሣሩ የተከረከመ ነው፣ ሰዎቹ ሁሉ ወደ በሩ ዞረው ነው የተቀመጡት።

«እሑድ መኪና ይመጣል» አለኝ ደምሰው። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር። «የሁለታችንም እሺታ ያስፈልጋል። የእኔን ሰጥቻለሁ። ምን ላድርግ? ነገ እሳት ለኩሳ ብትቃጠልስ?»

ሳላያት እሺ አልልም ብዬ ዘጋሁት። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ በባቡር ደብረ ብርሃን ወጣሁ።

እናቴ ሶፋው ላይ አልተቀመጠችም። ዱካ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ልክ ጥፋተኛ ልጅ ላይ እንደሚፈጠጥ ታፈጥበታለች። የመሐሉ መቀመጫ ሆዱ ተተርትሮ ነጭ ስፖንጅ ወጥቷል። ባየው ባየው የኛው ሶፋ ነው። ቡናማው ልብስ፣ ወደ ግራ ያዘመመው መደገፊያ፣ ሁሉም እሱ ነው። ልታረጅብኝ ነው አልኩ።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ ሰው የምትመረምሪው» አለችኝ። «እኔንም መርምሪኝ።»

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው ሶፋ የምትቀጂው?»

«በምን ላሳያችሁ ታዲያ? አፌን አላመናችሁ!» ብድግ ብላ እጇን ስፖንጁ ውስጥ ከተተች። «ይሄው። ስፖንጅ። ስፖንጅ ብቻ። አንቺ ሁለተኛ ክፍል ሳለሽ የመሐሉ መቀመጫ ስፖንጁ አልቆ ተንጠፈጠፈ። ምን አደረግሁ? የእናንተን የሕፃንነት ልብስ ጠቅጥቄ ሞላሁት። የደምሰውን የክርስትና ልብስ፣ ያንቺን ቢጫ ቱታ፣ አባትሽ ክርኑ ያለቀበትን ሹራብ። በእጄ ነው የሰፋሁት። ስቀመጥበት ይጎረብጠኛል፤ እየጎረበጠኝ ደስ ይለኛል። ልጆቼ ላይ ቁጭ አልኩ እላለሁ። አባትሽም እንደ ጅል ያየኝ ነበር።»

«ለእኛ መቼ ነገርሽን?»

«የቤት ጉድ ሁሉ ለልጅ ይነገራል እንዴ? እፍረትም ነው። ሰው ስፖንጅ መግዛት አቃታት ይበለኝ?» ቁጭ አለች። «አሁን አይጎረብጠኝም ስንዱ። ደልቶኛል። እንዲህ ደልቶኝ አያውቅም።»

መርማሪነቴ ያን ጊዜ ነቃ። የሚዋሽ ሰው ወይም አእምሮው የሳተ ሰው ታሪኩን ያስረዝማል፣ ይቀያይራል። እናቴን ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፤ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነገር ነው የነገረችኝ።

«መቼ ነው የተለወጠው?»

«ከለቅሶው ወዲህ ነዋ! ሲወጣ የእኔ ነበር። ሲገባ የእኔ አይደለም።»

በዚህ ጊዜ ነው ለቅሶውን መልሼ ያሰብኩት። ለቅሶ ሲሆን ሳሎን ባዶ ይሆናል፤ ያን ማን አያውቅም? ሶፋውም ቡፌውም ወጥቶ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ሰው መሬት ይቀመጣል። ዕቃውን ተሸክመው የሚያወጡት የእድሩ ልጆች ናቸው፤ የት አኖራችሁት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሲመለስም የሚቆጥር የለም። በእኛ ለቅሶ ግን ዕቃውን ያወጡት የእድሩ ልጆች አልነበሩም። ድርጅታችን ድንኳን ላከ፣ መኪና ላከ፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ቆንጆ ቆንጆ ጎረምሶች ላከ። የእድሩ ዳኛ ሳይቀሩ «ምን ያለ መሥሪያ ቤት ነው!» ብለው መረቁ። እኔም በሐዘን መሐል ኮርቼ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ገብቼ ክፍሌን ከውስጥ ቆለፍኩት። ሶፋው መሐል ቁጭ አልኩ። ጎረበጠኝ። ሁልጊዜም ይጎረብጠኝ ነበር፤ የባለሙያ ጥበብ ነው ብዬ ነበር የማደንቀው! መቀመጫውን ገለበጥኩት። ከሥር ያለው ስፌት የእጅ ስፌት ነው፣ አራምባና ቆቦ የሆነ፣ ክሩም ሁለት ዓይነት ቀለም ነው። በጥፍር መቁረጫ ተረተርኩት።

መጀመሪያ የወጣው የሹራብ እጅጌ ነው። ክርኑ የለም። ከዚያ ነጭ ነገር፣ ዘመን ያደቀቀው። ከዚያ ቢጫ ቱታ። የልጅ ነው፣ ከእጄ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። አፍንጫዬ ላይ አስጠግቼው ቁጭ አልኩ። ተናደድኩ ብል አይበቃም፤ ደሜ ነው የፈላው። እናቴን ልናሳብዳት ነበር። በዚህ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ለእሑዱ መኪና እሺ ልል የነበረው።

ቱታውን በእጄ እንደያዝኩ በካልሲ ምቾት ክፍል ገባሁ። ኬብሮን ቱታውን አየች። ትደነግጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልደነገጠችም።

«ውስጡን አላየነውም» አለች። «ያ የእኛ ስህተት ነው።»

«ስህተታችሁ እሱ ብቻ ነው?»

«ተቀመጪ ስንዱዬ።»

«አልቀመጥም! ከለቅሶ ቤት ዕቃ ሰርቃችሁ የምን ተቀመጪ ነው?»

«አልሰረቅንም። የተሻለ አዲስ ዕቃ ተክተናል።» በሩን ዘጋች። «ስሚኝ። መጀመሪያ ዓመት ለሁሉም ቅጂ ነበር የምንሠራው። ከምር እናስመስላለን። ሰው ገብቶ ያመሰግናል፣ ያለቅሳል፣ በሳምንቱ ይሰለቸዋል። ለምን እንደሆነ እኛም አናውቅም፤ ሰውነት ያውቃል መሰለኝ። እውነተኛውን ስናመጣ ግን ማንም አይሰለቸውም። ታዲያ እውነተኛውን ከማን እንውሰድ? ሽጡልን ብንል ማን ይሸጣል? በለቅሶ ጊዜ ግን ዕቃው ራሱ ከቤት ይወጣል። ሽማግሌ ደግሞ ቅጂው ይበቃዋል ብለን ነበር።»

«እናቴ እብድ ተብላለች። እሑድ ሊወስዷት ነው።»

ኬብሮን እጄን ያዘች። «እንግዲያው አምጪያት» አለች። «ወንድምሽም ይምጣ፣ ሐኪሙም ይምጣ። ገብታ ትይ። ዕቃዋን ታውቀው የለም? ሐኪሙ ይሄን እንዲያይ ነው የሚያስፈልገው።»

ያለ ክርክር እሺ ማለቷ አልጣመኝም። በሥራዬ ካሳ ሲከለከል የማይጮህ ሰው ሌላ መንገድ ያለው ሰው ነው። ግን ምን ምርጫ ነበረኝ? ለደምሰው ደውዬ ሁሉንም ስነግረው «አንቺንም ጀመረሽ?» አለኝ። በጣም በፍቅር ነው የጠየቀኝ። እሱ ነው ያስፈራኝ። በዚህ ዓይነት ሁለት መኪና ሊያዝ ነው።

ቅዳሜ አመጣኋት። ደምሰው ክንዷን ደግፎ፣ ሐኪሙ ከኋላ ሰዓቱን እያየ። እናቴ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበችና «ጠባሴ?» ብላ ሳቀች። ጫማዋን ማንም ሳይነግራት አወለቀች። ገባች። መሐል ላይ ቆማ ዞር ዞር አለች፣ ከዚያ ሄዳ የመሐሉ መቀመጫ ላይ ቁጭ አለች። የተረተርኩትን መልሼ ሰፍቼው ነበር፤ በስፌቴ አንድ ጊዜ ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ግራ ቀኝ ተመቻቸች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይሄኛው ነው» አለች። «ደምሰው፣ ና። ያንተ ክርስትና ልብስ ከዚህ በኩል ነው።»

እጇን ስፌቱ ውስጥ አስገብታ ጎተተችው። ደምሰው፣ ያ ትልቅ ሰው፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ ጉልበቷን አቅፎ «ይቅር በይኝ እማዬ፣ ይቅር በይኝ» እያለ አለቀሰ። ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ ይሄ ቤት የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ!»

«ዕቃውስ?»

«የማን ይሁን? ዓይን የለህም?»

ሐኪሙ አንገቱን ነቀነቀ። ጤነኛ ናቸው፣ ቤታቸውን ያውቃሉ፣ መኪናው ይቅር አለ። እሰይ! ኬብሮንን አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝም፤ ይሄን ያህል ነው ደስ ያለኝ። ከዚያ ወደ ራሴ ተመለስኩና «በሉ፣ አሁን ዕቃውን ጫኑልን» አልኩ።

«መኪና ተዘጋጅቷል» አለች ኬብሮን። አሁንም ያለ ክርክር። ዝቅ ብላ እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። «እማማ፣ ዛሬውኑ ወደ ደብረ ብርሃን እናድርስልዎ? ወይስ እርስዎ ምን ይሻልዎታል?»

እናቴ የሶፋውን ክንድ ዳበሰች። እኔን አየችኝ። አባዬ የሚቀመጥበትን ወንበር አየችው።

«እዚያ ምን አለኝ?» አለች። «ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን ሸጦ ሄዷል። ባሌ የለም። ልጄ በዓመት አንዴ ነው የምትመጣው። እሷ ቀኑን ሙሉ እዚህ ናት ካላችሁኝ፣ ዕቃዬም እዚህ ነው ካላችሁኝ…» ልትጨርሰው አፈረች። «ጠባብ ነው እንዴ? አስቸግራለሁ?»

«ኧረ በጭራሽ እማማ!» አለች ኬብሮን። ተነስታ ከቡፌው ጎን ያለውን ግድግዳ ገፋ አደረገችው። በር ነው። እስከዚያች ቀን በር እንዳለው አላውቅም ነበር። ውስጡ ጠባብ መኝታ ክፍል አለ፤ አልጋው ተነጥፏል፣ ከራስጌው የአሮጊት መቋሚያ ተደግፏል፣ መታጠቢያው ላይ ለሽማግሌ የሚሆን መያዣ ተገጥሟል። ትራሱ ላይ አቧራ አረፍ ብሎበታል። አልጋው የተነጠፈው ዛሬ አልነበረም።

ኬብሮንን አየኋት። እሷም አየችኝ። እናቴ አልጋውን በእጇ ስትጫነው «ውይ፣ እግዜር ይስጣችሁ» ስትል ሰማኋት። ምን ልበል? እናቴን ከዚያ ሶፋ ላይ ጎትቼ ወደ ባዶ ሰፈር ልውሰዳት? ደምሰው እፎይ ብሏል፣ ሐኪሙ ፈርሟል። የተቃወምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱንም በሆዴ።

እናቴ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ድርጅታችን ውስጥ ነው የምትኖረው። ጠዋት ስገባ «ደህና አደርሽ፣ ምነው ዘገየሽ?» ትለኛለች። ፋይሎቼን ሳነብ ጥጥ ትፈትላለች። ማታ ልነሳ ስል «የት ልትሄጂ ነው? አሁን መጥተሽ አሁን? ተቀመጪ እንጂ!» ትላለች፤ እናት ተቀመጪ ስትል ማን ይነሳል? ቁጭ እላለሁ። ቁጭ ካልኩ ደግሞ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም፣ እሠራለሁ። ፍስሐ በቀን ሁለቴ ሰበብ ፈልጎ መጥቶ «እናቴ፣ ምን አለ?» ይላታል፤ ቁርስራሽ ዳቦ ሰጥታ ትሸኘዋለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደ አሁን ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ፤ ደስተኛ ናት።

ባለፈው ሳምንት የትሁት አባት ሞቱ። ትሁት አዲስ ተቀጣሪ ናት፤ ክፍሏ ገና አልተሠራም፣ ጠረጴዛና ወንበር ብቻ ነው ያለው፣ ማታ ከሁላችንም ቀድማ ነው የምትወጣው። ኬብሮን ክፍሌ መጣች። መጀመሪያ እናቴ አጠገብ ተቀምጣ ጤንነቷን ጠየቀች፣ ጋቢዋን አስተካከለችላት።

«ስንዱዬ፣ ድርጅቱን ወክለሽ ለቅሶው ብትደርሺልን ደስ ይለናል» አለች። «ሐዘንተኛ ሐዘንተኛን ያምናል። እማማን እኛ እናያቸዋለን፣ አታስቢ።»

«ሂጂ እንጂ!» አለች እናቴ። «ለቅሶ አይቀርም፣ ነውር ነው።»

ለቅሶው ወዳለበት ፍቼ ሄድኩ። ድንኳኑ የእኛው ነበር። ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ጎረምሶች ሳሎኑን ባዶ አድርገው ሊጨርሱ ነው። የመጨረሻው ዕቃ አንድ የቆዳ ወንበር ነበር፤ ቆዳው መሐሉ ላይ ተቦርቡሮ የሰው ቅርጽ ይዟል። የትሁት እናት፣ እትዬ ዘርፌ የሚሏቸው ቀጭን አሮጊት፣ የወንበሩን ክንድ ይዘው አልለቅም አሉ። ጎረምሶቹ እንዳነሱት ቆመው እኔን አዩኝ። ትሁትም በእንባዋ መሐል እኔን አየችኝ።

«ልጄ፣ አንቺ የመሥሪያ ቤቷ ሰው ነሽ አሉኝ» አሉኝ አሮጊቷ። «ይሄን ወዴት ነው የሚወስዱብኝ? ይሄ የእሱ ነው። ይሄስ እዚሁ ይሁንልኝ።»

አፌ ላይ የመጣውን ቃል አውቀዋለሁ። ይያዙት እማማ፣ እንዳይለቁት፣ ልል ነበር። ከዚያ እናቴ ታየችኝ፤ በዚያች ሰዓት ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ኬብሮን አጠገቧ ሆና። አሁን አንድ ቃል ብል ሶፋው ከዚያ ክፍል ይወጣል፣ እሷም ትወጣለች፤ ወጥታም የምትገባበት ያ ሰዎቹ ወደ በሩ ዞረው የተቀመጡበት መንደር ብቻ ነው።

ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ልክ እንደ ኬብሮን፣ በሁለት እጄ።

«ይመለሳል እማማ» አልኳቸው። «እኔ አለሁ። ለቅሶው ሲያልቅ እዚሁ ቦታው ላይ ይመለሳል።»

ፊቴን አዩት። የምመረምራቸው ሰዎች ሁሉ እንደሚያዩኝ አዩኝ፣ ትክ ብለው። ከዚያ አመኑኝ፤ ወንበሩን ለቀቁት።